ባንትይቀጡ ወንዝ

ባንትይቀጡ በአዲስ አበባ መሀል አቋርጦ የሚያልፍ ትንሽ ወንዝ ነው። ስሙ ከወንዝ ይልቅ እርግማን ይመስላል፤ «ባንት ይቀጡ» ተብሎ ሲነበብ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ይወጣዋል። ከሰሜኑ የእንጦጦ ተዳፋት የሚወርደውን ውኃ እየተቀበለ በፍልውኃና በመስቀል አደባባይ አጠገብ ያልፋል፤ ከመስቀል ፍላወር ብዙም ሳይርቅ ወደ ደቡብ ምሥራቅ አቅንቶ ቀበናን ይቀላቀላል። ቀበና ለትልቁ አቃቂ፣ አቃቂም አባ ሳሙኤል ሐይቅን አልፎ ለአዋሽ ይገብራል። አዋሽ ደግሞ ባሕር ሳያይ አፋር ምድር ውስጥ ስለሚቀር፣ በመሀል አዲስ አበባ የቂርቆስ ክፍለ ከተማ ዝናብም መጨረሻው በረሃ ነው።

ለከተማዋ መቆርቆር ምክንያት የሆነው ፍልውኃ ከባንትይቀጡ ዳር ይገኛል። የእንጦጦ ብርድ ያስመረራቸው መኳንንት ለመታጠብ ወደዚህ ይወርዱ ነበር፤ በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ ስፍራውን አዲስ አበባ አሉት።

በበጋ ወንዙ ከድንጋይ ድንጋይ እየዘለሉ የሚሻገሩት፣ የሳሙና አረፋና የፍሳሽ ሽታ ያለው ቀጭን ውኃ ነው። ክረምት ሲገባ ግን በአንድ ከሰዓት ዝናብ ደፍርሶ ይሞላል፤ በማግስቱ ከሰው ቁመት በላይ ባሉ ቅርንጫፎች ላይ የተንጠለጠለው ፌስታል ውኃው የደረሰበትን ልክ ያሳያል። በ2011 ዓ.ም. ይፋ የሆነው፣ 56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳርቻ ለማልማት የታቀደው የሸገር ፕሮጀክት ባንትይቀጡንም ያካትታል፤ የወዳጅነት ፓርክ የተሠራው በዚሁ ዳርቻ ነው። ታች አቃቂ አካባቢ ግን ገበሬዎች ቆስጣና ሰላጣ የሚያጠጡት፣ ከላይ የከተማውን ፍሳሽ ተሸክሞ በሚወርደው ውኃ ነው።