የገዢና የሻጭ ግንኙነት በኢንተርኔት የድምፅ ሥራ፦ የሜልበርን ገበያ

በኢንተርኔት የሚካሄድ የፍሪላንስ ድምፅ ሥራ አንድ ተራኪ ወይም የድምፅ ተዋናይ በቋሚነት ሳይቀጠር፣ በድረ ገጽ ገበያ በኩል ካገኘው ደንበኛ ጽሑፍ ተቀብሎ፣ ብዙውን ጊዜ በራሱ ቤት ቀድቶ፣ ፋይሉን ልኮ የሚከፈልበት ሥራ ነው። ማስታወቂያ፣ የስልክ መልስ መስጫ፣ የሥልጠና ቪዲዮ፣ የድምፅ መጽሐፍና የጤና መልእክት ዋና ዋናዎቹ የሥራ ዓይነቶች ናቸው። ገዢና ሻጭ አብዛኛውን ጊዜ በአካል ስለማይገናኙ መልካም ግንኙነት የሚለው ሐሳብ ከትሕትና፣ ከፈጣን መልስና ከአምስት ኮከብ ጋር ይምታታል። እነዚህ ሦስቱ ጥሩ ነገሮች ቢሆኑም ግንኙነቱን አያጸኑትም። የሚያጸናው ከቀረጻ በፊት የሚደረስበት ስምምነት ነው። ስምምነቱ ገዢው በራሱ ጆሮ ሊመዝነው የማይችለውን ጥራት የሚመዝንበት መንገድ ይሰጠዋል፤ ሻጩም ድምፁ የት ድረስ እንደሚሄድ እንዲያውቅ ያደርጋል። በሜልበርን ይህ ጎልቶ ይታያል፤ በዚያ ከተማ የአማርኛ ድምፅ የሚገዛው ሰው አብዛኛውን ጊዜ አማርኛ አይሰማምና።

ዳራ

ሜልበርን ከእንግሊዝኛ ውጭ ባሉ ቋንቋዎች ድምፅ መፈለግ የጀመረችው ከኢንተርኔት በፊት ነው። እ.ኤ.አ. በጁን 1975 የአውስትራሊያ መንግሥት ሜዲባንክ የተባለውን አዲስ የጤና መድን ለስደተኞች ለማስረዳት በሲድኒ 2ኢኤ፣ በሜልበርን 3ኢኤ የተባሉ የሬዲዮ ጣቢያዎችን ከፈተ። ከእነዚህ ጣቢያዎች ያደገው ኤስቢኤስ የተባለው ማሰራጫ ዛሬ በአማርኛም ያሰራጫል። በዚህ አሠራር ድምፁን የሚሰጠው ሰው የጣቢያው ባልደረባ ነበር፤ አዘጋጁም ቋንቋውን ያውቃል፣ ስህተት ቢኖር አየር ላይ ሳይወጣ ይታረማል። ሥራው ወደ ፍሪላንስ ሲዞር የቀረው ይህ በመካከል ያለ ሰሚ ነው።

የዚህን ጉድለት ክብደት የሚያሳይ ጊዜ በ2020 መጣ። በጁላይ 4 ቀን የቪክቶሪያ መንግሥት በፍሌሚንግተንና በኖርዝ ሜልበርን የሚገኙ ዘጠኝ የመንግሥት መኖሪያ ሕንፃዎችን በኮቪድ ምክንያት ያለ ማስጠንቀቂያ ዘጋ። ከ3,000 ገደማ ነዋሪዎች ብዙዎቹ ከምሥራቅ አፍሪካ የመጡ ነበሩ። የግዛቱ እንባ ጠባቂ በዚያው ዓመት ዲሴምበር ባወጣው ሪፖርት አዘጋጉ የነዋሪዎቹን ሰብዓዊ መብት የሚፃረር እንደነበር ገለጸ፤ በየቋንቋው የሚደርሰው መረጃ ዘግይቶና ሳስቶ እንደነበርም ጠቆመ። መልእክት በሰዓታት ውስጥ ተተርጉሞ፣ ተነብቦና ተቀድቶ መሰራጨት ሲኖርበት ባለሙያ ፍለጋ የሚጀመረው ያን ቀን ከሆነ አንድ ነገር አስቀድሞ ተጓድሏል ማለት ነው። እንዲህ ላለው ሰዓት ዝግጁ የሚሆነው ማን በምን ሁኔታ እንደሚቀዳና ማን እንደሚያዳምጥ ቀድሞ የተስማማ ገዢ ነው።

የኢንተርኔት ገበያዎቹም ለዚህች ከተማ ሩቅ አይደሉም። በ2008 በሜልበርን የተመሠረተው 99ዲዛይንስ የጀመረው ብዙ ዲዛይነሮች ሠርተው አንዱ ብቻ በሚከፈልበት ውድድር ነበር። ኋላ ግን ደንበኛ ከአንድ ዲዛይነር ጋር በቀጥታ የሚሠራበትን አማራጭ ጨመረ፤ በ2020 ደግሞ ቪስታፕሪንት በተባለ ኩባንያ ተገዛ። ፍሪላንሰር የተባለው የሲድኒ ኩባንያ በ2009 ተቋቁሞ በ2015 የገዢን ገንዘብ በአደራ የሚይዘውን ኤስክሮው ዶት ኮምን ገዛ። ሁለቱም ኩባንያዎች የተራመዱበት አቅጣጫ የሚናገረው ነገር አለ፦ የማይተዋወቁ ሰዎችን ማገናኘት ብቻውን አይበቃም፤ የሚቀጥል የሥራ ግንኙነትና የክፍያ ዋስትናም ያስፈልጋል።

ኮከብ የሚለካውና የማይለካው

በእነዚህ ገበያዎች የመተማመኛው ዋና መሣሪያ ደንበኞች የሚሰጡት ኮከብ ነው። ኮከብ ዋጋ እንዳለው በሙከራ ተረጋግጧል። ፖል ሬዝኒክና ባልደረቦቹ በ2006 ባሳተሙት ጥናት አንድ ነባር ሻጭ ተመሳሳይ ፖስትካርዶችን በኢቤይ ላይ በታወቀ ስሙና በአዳዲስ ስሞች ሸጠ፤ በታወቀው ስም የተገኘው ዋጋ በ8.1 በመቶ በለጠ። ነገር ግን ፖስትካርድ ገዢው እጁ ሲገባ የሚመረምረው ዕቃ ነው። ማይክል ዳርቢና ኤዲ ካርኒ በ1973 እንዳሳዩት ገዢው ከተገለገለባቸው በኋላም ጥራታቸውን ሊያውቅ የማይችላቸው አገልግሎቶች አሉ። አማርኛ ለማይሰማ የሜልበርን መሥሪያ ቤት የአማርኛ ቀረጻ ከእነዚህ አንዱ ነው። ሠራተኛው ፋይሉ በሰዓቱ መድረሱን፣ ድምፁ ማማሩንና መልእክት ሲልክ በአክብሮት መመለሱን ያውቃል። ዓረፍተ ነገሩ ትርጉሙን ጠብቆ መነበቡን ግን አያውቅም። የሚሰጠው ኮከብ የሚመዝነው ያወቀውን ብቻ ነው።

ኮከብ ሌላም ድካም አለበት። አፖስቶሎስ ፊሊፓስ፣ ጆን ሆርተንና ጆሴፍ ጎልደን በአንድ ትልቅ የኢንተርኔት የሥራ ገበያ ላይ ባደረጉት ጥናት በይፋ የሚሰጠው አማካይ ነጥብ ከዓመት ዓመት ወደ ላይ ሲወጣ፣ ደንበኞች በምሥጢር የሚሰጡት አስተያየት ግን በዚያ መጠን እንዳልተሻሻለ አገኙ። ዝቅተኛ ነጥብ ሻጩን እንደሚጎዳ የሚያውቅ ደንበኛ ቅሬታውን ይውጣል። በአንጻሩ አማንዳ ፓሌ በ2014 ባሳተመችው ሙከራ ኦዴስክ በተባለው የኢንተርኔት የሥራ ገበያ ላይ 952 ሠራተኞችን በዕጣ ቀጥራ ግማሾቹን በዝርዝር፣ ግማሾቹን በደምሳሳው መዘነች። ምዘናው ልምድ የሌላቸውን ሠራተኞች በኋላ የመቀጠር ዕድል አሰፋ፤ ዝርዝሩ ደግሞ ጥሩ ለሠሩት ይበልጥ ጠቀመ። ከሁለቱ ጥናቶች የሚወጣው ትምህርት ገዢው ለሻጩ ሊያደርግ የሚችለው ትልቁ ነገር አምስተኛውን ኮከብ መጨመር ሳይሆን በትክክል ምን እንደተሠራ መጻፍ እንደሆነ ነው።

ከቀረጻ በፊት የሚቋጨው

መጀመሪያ የሚቋጨው ጽሑፉ ነው። የአማርኛ ፊደል ማጥበቅና ማላላትን አያሳይም፤ «ክትባት ይሰጣል» የሚለው «ሰ» ሲላላ ሰጪ ሰው አለ ያሰኛል፣ ሲጠብቅ ደግሞ ሰጪው ሳይጠቀስ ክትባቱ የሚሰጥ መሆኑን ይነግራል። በዐውድ የማይለይ ሲሆን ምልክት ሊደረግበት ይገባል። የሜልበርን የጎዳናና የሆስፒታል ስሞች፣ የመድኃኒት መጠሪያዎችና አኅጽሮቶች እንዴት እንደሚነበቡም አብሮ ይላካል። በአውስትራሊያ ለተርጓሚዎች ማረጋገጫ የሚሰጠው በ1977 የተቋቋመው ናቲ ነው፤ ማረጋገጫው የሚመለከተው ግን ትርጉምን እንጂ ንባብን አይደለም። ስለዚህ ተርጓሚው የመጀመሪያውን ገጽ ናሙና እንዲያዳምጥና አስተያየቱን በጽሑፍ እንዲሰጥ ክፍያ መመደብ በሬዲዮ ዘመን የነበረውን በመካከል ያለ ሰሚ መልሶ ያመጣል።

ሁለተኛው የቴክኒክ ልክ ነው። «ጥሩ ድምፅ» የሚለው ትእዛዝ ለክርክር በር ይከፍታል፤ ቁጥር ግን ይዘጋዋል። ኤሲኤክስ የተባለው የድምፅ መጽሐፍ ገበያ አማካይ የድምፅ መጠኑ በ−23 እና በ−18 ዴሲቤል መካከል፣ ከፍተኛው ከ−3 ያልበለጠ፣ የክፍሉ ጫጫታ ከ−60 በታች እንዲሆን ይጠይቃል። እንዲህ ያለ ልክ ከተሰጠ ፋይሉ ማለፉን ወይም መውደቁን ማንም በኮምፒውተሩ ያረጋግጣል። ሦስተኛው ክለሳ ነው፦ ተራኪው የሳተውን ቃል ያለ ክፍያ ያርማል፤ ገዢው ጽሑፉን ከቀየረ ግን አዲስ ቀረጻ ነውና ይከፍላል። ይህ መስመር ከመጀመሪያው ካልተሰመረ አንዱ ወገን ሌላውን ስግብግብ ማለቱ አይቀርም።

አራተኛው ጊዜ ነው። ተራኪው አዲስ አበባ የሚኖር ከሆነ፣ በሜልበርን ክረምት በከተማዋ 15:00 ሲሆን አዲስ አበባ 8:00፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው። ከኦክቶበር የመጀመሪያ እሑድ እስከ ኤፕሪል የመጀመሪያ እሑድ ግን ልዩነቱ ከ7 ወደ 8 ሰዓት ይሰፋል። «እስከ 9 ሰዓት አድርስ» የሚል መልእክት ለአዲስ አበባ ተራኪ ሁለት ትርጉም አለው፤ የመድረሻ ጊዜን ከከተማ ስም ጋር መጻፍ ብዙ ቅያሜ ያስቀራል። አምስተኛውና ከባዱ አጠቃቀም ነው፦ ድምፁ በየትኛው ማሰራጫ፣ ለምን ያህል ጊዜ፣ በየትኛው አገር ይውላል? ካናዳዊቷ ቤቭ ስታንዲንግ ለትርጉም ሥራ ተብሎ የቀዳችው ድምፅ የቲክቶክ አንባቢ ሆኖ ሲሰማ በ2021 ከሰሰች፤ ጉዳዩም በዚያው ዓመት በስምምነት ተቋጨ። ዛሬ በስምምነቱ ላይ ቀረጻው ለማሽን ማሠልጠኛ ወይም ድምፁን በማሽን ለማስመሰል እንደማይውል፣ ወይም ከዋለ በምን ክፍያ እንደሚውል መጻፍ የግድ ሆኗል። በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጣፍ ያለ ይወረሳል የሚባለው እዚህ ላይ በትክክል ይሠራል።

መከራከሪያዎች

አንደኛው ተቃውሞ ገበያው ራሱ ገንዘቡን በአደራ ስለሚይዝ ሌላ ስምምነት ትርፍ ነው የሚል ነው። በአደራ የተያዘ ገንዘብ ሻጩን ካለመከፈል፣ ገዢውን ካለመረከብ ያድናል፤ የተረከበው ነገር የታዘዘው መሆኑን ግን ሊፈርድ የሚችለው የታዘዘው በግልጽ ከተጻፈ ብቻ ነው። ሁለተኛው ተቃውሞ ለትንሽ ሥራ ይህ ሁሉ ወጪ አይመጣጠንም ይላል። ለአንድ ጊዜ ብቻ ለሚቀዳ ሠላሳ ሰከንድ እውነት አለው። ነገር ግን ስምምነቱ አንዴ ከተጻፈ በሚቀጥለው ሥራ ላይ የሚለወጠው የቃላት ብዛትና ቀን ብቻ ነው፤ ወጪው በመደጋገም ይቀልላል። ገዢው በየጊዜው ርካሹን ሻጭ ሲፈልግ የሚከፍለው ግን በየጊዜው እንደ አዲስ ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉም ይከብዳል፦ አቅም ባልተመጣጠነበት ቦታ «መልካም ግንኙነት» ደካማው ወገን ፈገግ ብሎ እንዲቀበል ማግባቢያ ነው። ከእነዚህ የኢንተርኔት ገበያዎች ፋይቨር ከሻጩ ገቢ 20 በመቶ ይወስዳል፤ አፕወርክ በገበያው የተገናኙ ሰዎች ለሁለት ዓመት ከእሱ ውጭ ክፍያ እንዳይፈጽሙ ይከለክላል። የቪክቶሪያ መንግሥት በ2018 በናታሊ ጄምስ መሪነት ያስጀመረውና በ2020 ሪፖርቱ የወጣው ምርመራ ባሠራው የአውስትራሊያ ጥናት ከተጠየቁት 7.1 በመቶው ከጥናቱ በፊት በነበሩት 12 ወራት በዲጂታል መድረክ በኩል ሠርተው ነበር፤ ሪፖርቱም የእነዚህ ሠራተኞች ሕጋዊ አቋም ግልጽ እንዳልሆነ አስገንዝቧል። ከኦገስት 26 ቀን 2024 ጀምሮ ገቢያቸው ከተወሰነ ጣሪያ የማያልፍ በግላቸው የሚሠሩ ተቋራጮች ፍትሐዊ ባልሆነ የውል ቃል ላይ የአገሪቱ የሥራ ጉዳይ ዳኝነት አካል ለሆነው ፌር ወርክ ኮሚሽን ማመልከት ይችላሉ። የአነስተኛ ንግዶችን አለመግባባት በማስታረቅ የሚፈታ ኮሚሽንም በቪክቶሪያ አለ፤ ሽምግልናን ለለመደ ሰው አሠራሩ እንግዳ አይሆንበትም። ሕጉ ግን አዲስ አበባ ተቀምጦ ለሜልበርን ለሚቀዳ ሰው እምብዛም አይደርስለትም። ስለዚህ ተቃውሞው የሚያመለክተው ስምምነትን መተውን ሳይሆን በጽሑፍ ማጥበቁን ነው፤ በቃል የቀረ ነገር የሚተረጎመው ሁልጊዜ ለጠንካራው ወገን ነውና። ገዢውም የበኩሉ ግዴታ አለበት፦ በአውስትራሊያ የሚሠራ ሻጭ የንግድ መለያ ቁጥር ካልሰጠ ከክፍያው 47 በመቶ ለግብር ሊቀነስበት ስለሚችል ይህን ከሥራው በፊት ማሳወቅ ተገቢ ነው።

የመጨረሻው ተቃውሞ ሰው ሠራሽ ድምፅ ጉዳዩን ሁሉ ያበቃል ይላል። በ2025 በሲድኒ ካዳ የተባለው ጣቢያ ለወራት ያሰማት አቅራቢ በማሽን የተሠራች እንደነበረች ሲታወቅ የድምፅ ባለሙያዎች የተቃወሙት በዋናነት አድማጩ አለማወቁን ነው። ቋንቋውን ለማይሰማ ገዢ ማሽኑም ያው ችግር ነው፦ «ይሰጣል» ማላላቱን ወይም ማጥበቁን አያውቅም፤ ስህተት ሲፈጠር ተጠያቂ የሚሆን ሰውም የለም። ማሽኑ ዋጋውን ሊያረክስ ይችላል፤ አንድ አማርኛ የሚሰማ ሰው አዳምጦ ኃላፊነቱን በስሙ መውሰዱን ግን ሊተካ አይችልም። በዚህ ገበያ የሜልበርን ገዢ ከድምፁ ጋር የሚገዛው ይህንን ኃላፊነት ነው፤ ዋጋው፣ ወሰኑና ባለቤቱ በጽሑፍ ሲታወቁ ግንኙነቱ ከአንድ ሥራ ወደ ሌላው ይቀጥላል።