ግሩፕ ቢ ስትሬፕቶኮከስ በእርግዝና ጊዜ

ግሩፕ ቢ ስትሬፕቶኮከስ (በሳይንሳዊ ስሙ ስትሬፕቶኮከስ አጋላክቲኤ፣ በአጭሩ ጂቢኤስ) በብዙ ጤነኛ ሰዎች አንጀት እንዲሁም በሴቶች ብልት ውስጥ የሚኖር ባክቴሪያ ነው። ባክቴሪያውን የተሸከመች እናት አብዛኛውን ጊዜ ምንም አይሰማትም። አደጋው ለሕፃኑ ነው፤ በምጥና በወሊድ ጊዜ ከተላለፈበት በተወለደ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ የደም መመረዝ፣ የሳንባ ምች ወይም ማጅራት ገትር ሊይዘው ይችላል። ስለዚህ በእርግዝና መጨረሻ የተደረገ ምርመራ «ፖዘቲቭ» ሲሆን እናትየዋ ታማለች ማለት አይደለም። ምጥ ሲጀምራት በደም ሥር የሚሰጥ አንቲባዮቲክ ያስፈልጋታል ማለት ነው።

ስሙና ታሪኩ

ባክቴሪያው መጀመሪያ የታወቀው በላሞች ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1887 ኖካር እና ሞልሮ የተባሉ ፈረንሳውያን የጡት በሽታ ከያዛቸው ላሞች ለይተው አወጡት። «አጋላክቲኤ» የሚለው ስምም ወተት ማጣትን ከሚያመለክት የግሪክ ቃል የመጣ ነው። ስሙ ከላሟ ቢመጣም የሰው እናት ወተት በዚህ ምክንያት አይደርቅም፤ ፖዘቲቭ የሆነች እናት ልጇን ከማጥባትም አትከለከልም።

«ግሩፕ ቢ» የሚለውን ምድብ የሰጠችው በኒው ዮርክ የሮክፌለር ተቋም ተመራማሪ የነበረችው ሬቤካ ላንስፊልድ ናት። እ.ኤ.አ. በ1933 ባሳተመችው ሥራ ስትሬፕቶኮከሶችን በፊደል ከፋፈለቻቸው። በአገራችን ብዙ ሰው የሚያውቀው፣ የጉሮሮ ቁስለትንና እሱን ተከትሎ የሚመጣውን የልብ በሽታ የሚያመጣው ስትሬፕቶኮከስ ግሩፕ ኤ ስለሆነ ሁለቱ መምታታት የለባቸውም። ግሩፕ ቢ ሰውን እንደሚገድል የታወቀው በ1938 ሲሆን፣ በወቅቱ በእንግሊዝ የወለዱ ሴቶች በዚሁ ባክቴሪያ መሞታቸው በጽሑፍ ወጣ። በ1970ዎቹ ደግሞ በአሜሪካ የአራስ ሕፃናት የደም መመረዝ ዋና መንስኤ ሆኖ ተገኘ። ያኔ ከታመሙት ሕፃናት እስከ ግማሽ የሚሆኑት ይሞቱ ነበር።

የዓለም ጤና ድርጅት ከለንደን የሃይጂንና ትሮፒካል ሕክምና ትምህርት ቤት ጋር በ2021 ባወጣው ዘገባ በዓለም ላይ በየዓመቱ ወደ 20 ሚሊዮን የሚጠጉ ነፍሰ ጡሮች፣ ማለትም በአማካይ ከመቶ 15ቱ፣ ባክቴሪያውን እንደሚሸከሙ ተገምቷል። በዓመት ወደ 150 ሺህ የሚጠጉ ሕፃናት ወይ ሞተው ይወለዳሉ ወይ ከተወለዱ በኋላ ይሞታሉ። ከሟቾቹ ትልቁን ድርሻ የያዘችው ከሰሃራ በታች ያለችው አፍሪካ ናት። ለነፍሰ ጡር የሚሰጥ ክትባት በሙከራ ላይ ሲሆን ከሙከራዎቹ አንዱ በደቡብ አፍሪካ ተካሂዷል፤ ፈቃድ አግኝቶ በሥራ ላይ የዋለ ግን እስካሁን የለም።

አተላለፉ

የባክቴሪያው ዋና መኖሪያ የሰውየው የራሱ አንጀት ነው። ከዚያ ወደ ብልት ይሻገራል፤ ይመጣል፣ ይጠፋል፣ ደግሞም ይመለሳል። የአባላዘር በሽታ ተብሎ አይመደብም። ይህ ነጥብ ጠበቅ ብሎ መነገር ይኖርበታል፤ «ፖዘቲቭ» የሚለው ቃል በአገራችን ከኤችአይቪ ምርመራ ጋር ስለተጣበቀ ውጤቱን የሰማ ባል ሚስቱን፣ ሚስትም ባሏን እንድትጠረጥር ሊያደርግ ይችላል። የጂቢኤስ ውጤት ስለ ማንም ታማኝነት የሚናገረው ነገር የለም፤ ባልም ሕክምና አያስፈልገውም። ከንጽሕና ጉድለት የመጣም አይደለም፤ ብልትን በሳሙና ወይም በመድኃኒት ማጠብም ሕፃኑን አያድነውም።

ምንም መከላከያ ካልተደረገ ተሸካሚ ከሆኑ እናቶች ከሚወለዱት ሕፃናት ግማሽ ያህሉ ባክቴሪያውን ይዘው ይወለዳሉ። ከእነዚህ እናቶች ልጆች ውስጥ በመጀመሪያው ሳምንት የሚታመሙት ከመቶ አንድ ወይም ሁለት ናቸው። አብዛኛው ሕፃን በሰላም ያልፋል ማለት ነው። ነገር ግን የሚታመመው በጣም በፍጥነት ስለሚታመም ቀድሞ መከላከል ከማከም ይሻላል።

ምርመራው

ምርመራ በሚደረግባቸው አገሮች ናሙናው የሚወሰደው በ36ኛው ወይም በ37ኛው የእርግዝና ሳምንት ነው። ጥጥ በተጠቀለለበት እንጨት መጀመሪያ ከብልት ደጃፍ፣ ቀጥሎ ከፊንጢጣ ይጠረጋል። አያምም፤ ሴቲቱ ራሷም ልትወስደው ትችላለች። ናሙናው ባክቴሪያውን በሚያበዛ ፈሳሽ ውስጥ ከ18 እስከ 24 ሰዓት ይቆያል፣ ከዚያም ደም በተቀላቀለበት ማሳደጊያ ላይ ይዘራል። ስለዚህ መልሱ የሚደርሰው ከሁለት ወይም ከሦስት ቀን በኋላ ነው፤ ምጥ ከጀመረ በኋላ የሚታዘዝ ካልቸር ለዚያ ወሊድ አይደርስም። ባክቴሪያው የሚመጣና የሚሄድ በመሆኑ ውጤቱ የሚያገለግለው ለአምስት ሳምንት ያህል ብቻ ነው። በሦስተኛ ወር ላይ የተገኘ «ኔጌቲቭ» ለወሊድ ቀን ዋስትና አይሆንም።

በእርግዝና ወቅት በሽንት ካልቸር ጂቢኤስ የተገኘባት ሴት ሌላ ምርመራ አያስፈልጋትም። በብዛት እንደተሸከመች ተቆጥራ በምጥ ጊዜ መድኃኒቱ ይሰጣታል።

በምጥ ጊዜ የሚሰጠው መድኃኒት

ተመራጩ ፔኒሲሊን ጂ ነው፤ መጀመሪያ 5 ሚሊዮን ዩኒት፣ ከዚያ እስክትወልድ በየአራት ሰዓቱ ከ2.5 እስከ 3 ሚሊዮን ዩኒት በደም ሥር ይሰጣል። በአምፒሲሊን ከሆነ መጀመሪያ 2 ግራም፣ ቀጥሎ በየአራት ሰዓቱ 1 ግራም ነው። ፔኒሲሊን የማይስማማት እናት ይህን ለአዋላጇ አስቀድማ መናገር አለባት፤ እንደ አለርጂው ክብደት ሴፋዞሊን፣ ክሊንዳማይሲን ወይም ቫንኮማይሲን ይመረጥላታል። ክሊንዳማይሲንን የሚቋቋሙ የባክቴሪያው ዝርያዎች በየአገሩ ስለበዙ እሱን ከመስጠት በፊት በላቦራቶሪ መፈተን ይመከራል።

መድኃኒቱ ሙሉ ጥቅም የሚሰጠው ሕፃኑ ከመወለዱ ቢያንስ ከአራት ሰዓት በፊት ሲጀመር ነው። ያ ጊዜ ባይሞላም ከመስጠት ወደ ኋላ አይባልም። በአንጻሩ ገና በስምንተኛው ወር የሚዋጥ ክኒን አይጠቅምም፤ ባክቴሪያው ከአንጀት ተመልሶ እስከ ምጥ ቀን ቦታውን ይይዛል። ብዙ እናቶች «ለምን አሁኑኑ አልታከምም?» ብለው የሚጠይቁት በዚህ ላይ ነው። ምጥ ሳይጀምርና የእንሽርት ውሃ ሳይፈስ በቀዶ ሕክምና የምትወልድ እናት ደግሞ ለጂቢኤስ ተብሎ የሚሰጠው መድኃኒት አያስፈልጋትም።

በአሜሪካ ይህ አሠራር ከተጀመረ ወዲህ በመጀመሪያው ሳምንት የሚታየው በሽታ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከነበረበት ከ1,000 ሕፃናት 1.8 ገደማ በ2015 ወደ 0.23 ወርዷል። ከመጀመሪያው ሳምንት በኋላ የሚመጣው በሽታ ግን በዚህ መንገድ አልቀነሰም።

በኢትዮጵያ

ጉዳዩ ለአገሪቱ ሐኪሞች አዲስ አይደለም። በጎንደር የሕክምና ሳይንስ ኮሌጅ በእናቶችና በአራሶች ላይ የተደረገ ጥናት በ1989 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ከዚያ ወዲህ በሐዋሳ ጤና ጣቢያ ከተመረመሩ 139 ነፍሰ ጡሮች 20.9 በመቶ (በ2012 የታተመ)፣ በመቀሌ ከ139ኙ 13.7 በመቶ (2015)፣ በጅማ ከ126ቱ 19 በመቶ (2016) ተሸካሚ ሆነው ተገኝተዋል። ጥናቶቹ ትንንሽ ቢሆኑም የሚያሳዩት ሥዕል ተቀራራቢ ነው፤ ከአምስት እስከ ሰባት ከሚሆኑ ነፍሰ ጡሮች አንዷ ገደማ ባክቴሪያውን ትሸከማለች።

ይሁንና በቅድመ ወሊድ ክትትል የደም ዓይነት፣ ኤችአይቪ፣ ቂጥኝ፣ ሄፓታይተስ ቢ እና ሽንት ሲመረመሩ ጂቢኤስ በመደበኛነት አይመረመርም። ካልቸር የማይክሮባዮሎጂ ላቦራቶሪና የሠለጠነ ባለሙያ ስለሚፈልግ በብዛት የሚገኘው በትልልቅ ሆስፒታሎችና በዩኒቨርሲቲዎች ነው። እንግሊዝም ብትሆን ሁሉንም ነፍሰ ጡር አትመረምርም፤ በአደጋ ምልክት ትመራለች። አዋላጇ የምትጠይቃቸው ጥያቄዎችም እነዚሁ ናቸው፦ ምጡ ከ37 ሳምንት በፊት ነው የመጣው? የእንሽርት ውሃ ከፈሰሰ 18 ሰዓት አልፎታል? እናትየዋ 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ትኩሳት አላት? ከዚህ በፊት የወለደችው ሕፃን በጂቢኤስ ታሞ ነበር? አንዱ እንኳ «አዎ» ከሆነ ያለ ላቦራቶሪ ውጤትም አንቲባዮቲክ ይታሰባል።

የመጨረሻው ጥያቄ በተለይ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በተወለዱ በጥቂት ቀናት ልጆች የሚሞቱባት ሴት በባህላችን «ሾተላይ አለባት» ትባላለች። ይህ ስም ዛሬ በጤና ተቋማት በእናትና በጽንስ ደም መካከል ለሚፈጠረው የአርኤች አለመጣጣም ይውላል። በመንደር አነጋገር ግን የሞቱ ምክንያት ምንም ይሁን ምን ሁሉን በአንድነት ይሸፍናል። የአርኤች ችግር በደም ምርመራና በተለየ መርፌ የሚመለስ ነው፤ ጂቢኤስ ግን በምጥ ጊዜ በሚሰጥ ፔኒሲሊን። ስለዚህ «ሾተላይ ነው» ብሎ ከመዝጋት ሕፃኑ በስንተኛው ቀን፣ ምን ዓይነት ምልክት አሳይቶ እንደሞተ ለአዋላጇ በዝርዝር መንገር ይበልጥ ይጠቅማል።

በደብረ ወርቅና አካባቢው

ደብረ ወርቅ በምሥራቅ ጎጃም የእናርጅ እናውጋ ወረዳ ዋና ከተማ ስትሆን ከደጀን ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ በቢቸናና በሞጣ መካከል ትገኛለች። በዚህ አካባቢ የአንዲት ነፍሰ ጡር መንገድ ከቀበሌው ጤና ኬላ ይጀምራል፤ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያ ወደ ከተማው የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል፣ ሲከብድም ወደ ሞጣ አጠቃላይ ሆስፒታል ወይም ወደ ደብረ ማርቆስና ባሕር ዳር ይዘልቃል።

እዚህ የመድኃኒቱ የአራት ሰዓት ስሌት ከመንገዱ ጋር ይጋጫል። ምጥ በሌሊት ሲጀምር ጎረቤት እስኪሰበሰብ፣ እናትየዋ በቃሬዛ አምቡላንስ እስከሚገባበት መንገድ እስክትደርስ፣ በክረምት ደግሞ በጥቁር ዋልካ ጭቃ ውስጥ ስንት ሰዓት እንደሚያልፍ አገሬው ያውቀዋል። ሦስተኛ ወይም አራተኛ ልጇን የምትወልድ ሴት ምጧ ፈጣን ስለሆነ ተቋሙ በር ላይ ልትወልድ ትችላለች። ፔኒሲሊኑ ርካሽና በየተቋሙ የሚታወቅ መድኃኒት ነው፤ ውድ የሚሆነው ሰዓቱ ነው። በየጤና ጣቢያው የተሠሩት የእናቶች ማቆያ ቤቶች በዋናነት የታሰቡት ለደም መፍሰስና ለተራዘመ ምጥ ቢሆንም ለዚህም ችግር መልስ ይሆናሉ። ከሩቅ ቀበሌ የመጣች እናት የመውለጃ ቀኗ ሲቃረብ በማቆያው ከቆየች ምጧ የሚጀምረው አዋላጇ ባለችበት ነው። የእንሽርት ውሃ ፈሶ ምጥ ያልጀመራት ሴትም ቤት ሆና ምጡን መጠበቅ የለባትም፤ የ18ቱ ሰዓት ቆጠራ ከፈሰሰበት ቅጽበት ይጀምራል።

በሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች መሠረት በኢትዮጵያ በጤና ተቋም የሚወለዱት በ2005 እ.ኤ.አ. ከመቶ 5 ብቻ ነበሩ፤ በ2016 ወደ 26፣ በ2019 ወደ 48 አድገዋል። ለውጡ ትልቅ ነው፤ ግን በ2019 ከሁለት ወሊዶች አንዱ ገና እቤት ነበር። እቤት ደግሞ በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት የለም።

በአራሱ ላይ የሚታዩ ምልክቶች

በመጀመሪያው ሳምንት የሚከሰተው በሽታ አብዛኛውን ጊዜ በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ ይታያል። ሕፃኑ ጡት አልይዝ ይላል፣ ይዝላል፣ ያቃስታል፣ በደቂቃ 60 ጊዜና ከዚያ በላይ ይተነፍሳል፣ ደረቱ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። ትኩሳት ሊኖረው ይችላል፤ ነገር ግን የአራስ ሕፃን ገላ መቀዝቀዝም የዚያኑ ያህል አደገኛ ምልክት ነው። ሰውነቱ ስላልሞቀ «ደህና ነው» ማለት አይቻልም።

ሁለተኛው ዓይነት ከ7ኛው እስከ 89ኛው ቀን የሚመጣ ሲሆን ማጅራት ገትር በብዛት የሚታየው በዚህኛው ነው። ይህ ጊዜ ከአራስነት ወቅት ጋር ይገጣጠማል፤ ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን ክርስትና እስኪነሡ ድረስ እናትና ልጅ ከቤት ብዙም አይወጡም። ሕፃኑ ሲያለቅስ «ምች መትቶት ነው» ወይም «ዐይን አይቶት ነው» ተብሎ አንድ ቀን ቢታለፍ ያ ቀን ሕይወቱን ሊያስከፍለው ይችላል። ከሞት የሚተርፉትም አንዳንዶቹ የመስማት፣ የማየት ወይም የአእምሮ እድገት ጉዳት ይቀርባቸዋል።

ምልክቱ የታየበት ሕፃን ወደ ሆስፒታል ይላካል፤ በዚያም አምፒሲሊንና ጄንታማይሲን በመርፌ ይሰጠዋል። ሆስፒታል መድረስ ለማይችል ቤተሰብ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በጤና ኬላ ጄንታማይሲን በመርፌ፣ አሞክሲሲሊን ደግሞ በአፍ እንዲሰጡ የሚፈቅደው የማኅበረሰብ አቀፍ የአራስ ሕፃናት እንክብካቤ በ2005 ዓ.ም. ተጀምሯል። ሠራተኛዋ የትኛው ባክቴሪያ እንደሆነ ማወቅ አይጠበቅባትም፤ ሕክምናው የሚጀመረው በሚታየው ምልክት ነው።