የመድረክ ትወና መሠረቶች

የመድረክ ትወና ተዋናይ በድምፁ፣ በአካሉና በምናቡ አንድን ገጸ ባሕርይ በተመልካች ፊት ሕያው የሚያደርግበት ጥበብ ነው።

የጀማሪ ሥልጠና ከትንፋሽ ይነሣል። ከሆድ በጥልቀት የተሳበ ትንፋሽ፣ ድምፅ ያለ ጩኸት እስከ መጨረሻው ረድፍ ድረስ እንዲሰማ ያግዛል። ሰውነትን ማፍታታት፣ ቃላትን አጥርቶ መናገርና የመድረክ አቋም ይከተላሉ። ቃለ ተውኔትን በቃል መያዝ ብቻ አይበቃም፤ ተዋናይ አጋሩን በእውነት ማዳመጥ አለበት፤ ምላሹ ሕይወት የሚያገኘው ከዚያ ነውና።

ለገጸ ባሕርይ ጥናት መሠረት የጣለው ሩሲያዊው ኮንስታንቲን ስታኒስላቭስኪ (1863–1938 እ.ኤ.አ.) ነው። በ1898 እ.ኤ.አ. ከቭላዲሚር ኔሚሮቪች ዳንቼንኮ ጋር የሞስኮ አርት ቲያትርን መሥርቷል። በእርሱ ዘዴ ተዋናይ ስሜትን አስመስሎ ከማሳየት ይልቅ ራሱን ይጠይቃል፦ «ማን ነኝ? የት ነኝ? ምን እፈልጋለሁ? በዚህ ሁኔታ ውስጥ ብሆን ምን አደርግ ነበር?» የገጸ ባሕርዩ ፍላጎት ሲታወቅ እንቅስቃሴውም ንግግሩም ምክንያት ያገኛሉ።

በኢትዮጵያ በ1927 ዓ.ም. የተቋቋመው ሀገር ፍቅር ቲያትርና በ1948 ዓ.ም. የተከፈተው የዛሬው ብሔራዊ ቲያትር ለብዙ አንጋፋ ተዋንያን መማሪያ ሆነዋል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም የቲያትር ጥበብን በዲግሪ ደረጃ ያስተምራል።