ንድፍና ምዘና፦ የሶፍትዌር አርክቴክቸርን በዩኒቨርሲቲ ስለማስተማር

አኅጽሮተ ጽሑፍ

ምዘናን ለሴሚስተሩ ማብቂያ የሚያቆይ የሶፍትዌር አርክቴክቸር ኮርስ ተማሪውን ሥዕል መሳል እንጂ ውሳኔ መስጠት አያስተምረውም። ይህ መጣጥፍ ንድፍና ምዘና ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ አብረው መሰጠት እንዳለባቸው ይከራከራል። ለዚህም የዘርፉን መሠረታዊ ጥናቶች፣ ኤታም የተባለውን የምዘና ዘዴና የአሪያን 5 ሮኬትን አደጋ ይመረምራል። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. ከመነሻው ያልተነጣጠሉ ሥራዎች

ዴቪድ ፓርናስ በ1972 ባሳተመው ጥናት የቁልፍ ቃላት ማውጫ የሚያዘጋጅ አንድ ትንሽ ፕሮግራም ወስዶ በሁለት መንገድ ከፋፈለው። በመጀመሪያው አከፋፈል እያንዳንዱ ሞጁል የሥራው አንድ ደረጃ ነው፤ አንዱ ያነባል፣ ሌላው በፊደል ተራ ይደረድራል፣ ሌላው ያትማል። በሁለተኛው አከፋፈል ግን እያንዳንዱ ሞጁል ወደፊት ሊለወጥ የሚችል አንድ ውሳኔ በውስጡ ደብቆ ይይዛል። ሁለቱም የሚሰጡት ውጤት አንድ ነው። ልዩነታቸው የሚገለጠው ለውጥ ሲመጣ ነው። መረጃው የሚቀመጥበት መንገድ ቢቀየር የመጀመሪያው ሞጁሎቹ ሁሉ እንዲለወጡ ያስገድዳል፤ ሁለተኛው በአንዱ ብቻ ይወሰናል።

ፓርናስ ንድፍ አውጥቶ አላቆመም፤ ሁለት ንድፎችን ሊመጡ በሚችሉ ለውጦች መዘናቸው። ዴዌይን ፔሪና አሌክሳንደር ዎልፍ በ1992 አርክቴክቸርን በሦስት ነገሮች ሲያዋቅሩትም ከአባላቱና ከቅርጹ ቀጥሎ ሦስተኛ ያደረጉት ምክንያትን ነው። ሳጥንና ቀስት የሞላበት ሥዕል የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ያሳያል። ሦስተኛውን የሚያወጣው ምዘና ነው።

2. ጥራትን የሚመዘን ማድረግ

«ሲስተሙ ፈጣንና አስተማማኝ ይሆናል» የሚል ዓረፍተ ነገር ሊረጋገጥም ሊስተባበልም አይችልም። ስለዚህ ተማሪው አስቀድሞ መልመድ ያለበት እያንዳንዱን የጥራት ባሕርይ ወደ ተጨባጭ ሁኔታ መለወጥን ነው። ሌን ባስ፣ ፖል ክሌመንትስና ሪክ ካዝማን በመማሪያ መጽሐፋቸው ያስፋፉት አጻጻፍ ስድስት ነገሮችን ይጠይቃል፦ ድርጊቱ ከማን እንደመጣ፣ ምን እንደሆነ፣ በምን ሁኔታ እንደደረሰ፣ የትኛውን ክፍል እንደነካ፣ ሲስተሙ ምን ምላሽ እንደሚሰጥና ምላሹ በምን እንደሚለካ።

ለምሳሌ የፈተና ውጤት በሚገለጽበት ዕለት አሥር ሺህ ተማሪዎች በአንድ ሰዓት ውስጥ ቢገቡ፣ ከመቶው ዘጠና አምስቱ ውጤታቸውን በሁለት ሰከንድ ውስጥ ማየት አለባቸው እንበል። መምህሩ ውጤት እያስገባ ሳለ ኔትወርክ ቢቋረጥ ደግሞ ያስገባው አንድም ነጥብ መጥፋት የለበትም። እነዚህን የጻፈ ተማሪ ንድፉ የሚፈተንበትን ጥያቄ በእጁ ይዟል። ሁኔታዎቹ ሲስተሙ ከሚሠራበት ቦታ ስለሚመነጩም ከሌላ አገር መጽሐፍ በቀጥታ ሊገለበጡ አይችሉም።

3. ኤታም የሚያስተምረው

በፒትስበርግ በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው የሶፍትዌር ምሕንድስና ተቋም በ1990ዎቹ ያዳበረው ኤታም ዘጠኝ ደረጃዎች አሉት። ባለድርሻዎች ይሰበሰባሉ፤ የድርጅቱ ዓላማና የታሰበው አርክቴክቸር ይቀርባል፤ የጥራት ሁኔታዎች በክብደታቸው ይደረደራሉ፤ ከዚያም እያንዳንዱ የንድፍ ውሳኔ በእነሱ ይመረመራል። ዘዴው ለንድፉ ነጥብ አይሰጥም። የሚያወጣው ስጋቶችንና የማመዛዘኛ ነጥቦችን ነው። የማመዛዘኛ ነጥብ የሚባለው አንዱን ጥራት ሲያሻሽል ሌላውን የሚጎዳ ውሳኔ ነው፤ ምስጠራ ማጠንከር ደኅንነትን ይጨምራል፣ ፍጥነትን ግን ይቀንሳል። የኤታም ትልቁ ጥቅም ኮድ ከመጻፉ በፊት ሊካሄድ መቻሉ ነው።

4. አሪያን 5፦ ያልተጠየቀ ጥያቄ

ጁን 4 ቀን 1996 ከፈረንሳይ ጊያና የተነሣው የመጀመሪያው አሪያን 5 ሮኬት 40 ሰከንድ ያህል እንደበረረ ከመስመሩ ወጥቶ ወደመ። አቅጣጫውንና ፍጥነቱን የሚነግሩት ሁለት ኮምፒውተሮች ነበሩት፤ አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይተካው ዘንድ። ሶፍትዌራቸው ግን አንድ ዓይነት ነበር። ከአሪያን 4 የተወረሰ ስሌት በ64 ቢት የተያዘን ቁጥር ወደ 16 ቢት ሲቀይር ቁጥሩ ከቦታው በለጠ፤ የአዲሱ ሮኬት አግድም ፍጥነት ከቀድሞው እጅግ ይልቅ ነበርና። ተጠባባቂው ኮምፒውተር ቆመ፤ ዋናውም በቅጽበት ተከተለው። መጠባበቂያው ለዕቃ ብልሽት ታስቦ ነበር፤ ሁለቱም ከሚጋሩት የሶፍትዌር ስሕተት ሊያድን አልቻለም።

በዣክ ሉዊ ሊዮንስ የተመራው መርማሪ ቦርድ ያገኘው ከዚህም ይጠልቃል። ለዚህ ዓይነት ስሕተት ከተጋለጡት 7 ተለዋዋጮች ጥበቃ የተደረገላቸው 4ቱ ብቻ ነበሩ። ለኮምፒውተሩ የሥራ ጫና የ80 በመቶ ጣሪያ በመቀመጡ 3ቱ ያለ ጥበቃ ቀሩ። ይህ በአቅምና በአስተማማኝነት መካከል የተደረገ ግልጽ ማመዛዘን ነው። ምክንያቱ ግን በኮዱ ውስጥ አልሰፈረም፤ በሰነድ ብዛት ተውጦ ከውጭ ገምጋሚዎች ዐይን ተሰወረ። የአዲሱ ሮኬት የበረራ መረጃም በኮምፒውተሮቹ መስፈርት ውስጥ አልተካተተም። «ፍጥነቱ ከተገመተው ቢበልጥ ሁለቱ ኮምፒውተሮች ምን ያደርጋሉ?» የሚል አንድ የጽሑፍ ጥያቄ በግምገማው ጠረጴዛ ላይ ቢቀርብ ኖሮ ስጋቱ ከወረቀት ላይ በተነበበ ነበር።

5. በመማሪያ ክፍል ውስጥ

ተማሪ እውነተኛ ሲስተምም ባለድርሻም የለውም የሚለው ተቃውሞ ክብደት አለው። ዴልፍት የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ በኔዘርላንድስ ጥሩ መልስ ሰጥቶበታል። ተማሪዎቹ በቡድን ሆነው አንድ ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ይመርጡ፣ አርክቴክቸሩን ይተነትኑ፣ ከገንቢዎቹ ጋር ይገናኙ፣ የቡድኖችን ሥራ እርስ በርስ ይገመግሙ ነበር፤ ትንታኔያቸውም በጋራ መጽሐፍ ይወጣ ነበር። ይህ የሚጠይቀው ኢንተርኔትና ትጋት ስለሆነ አነስተኛ በጀት ላለው ትምህርት ክፍልም የሚቻል ነው። የኤታምን ስብሰባ ደግሞ ተማሪዎች የተጠቃሚን፣ የኃላፊንና የጥገና ባለሙያን ድርሻ ተካፍለው በአንድ ከሰዓት ሊያካሂዱት ይችላሉ።

መደምደሚያ

ከዚህ የሚከተለው የአሰጣጥ ለውጥ ቀላል ነው። ማንኛውም የንድፍ የቤት ሥራ ቢያንስ ሁለት አማራጮችን፣ የሚመዘኑባቸውን ሁኔታዎች፣ የተመረጠው ምን እንደሚያስከፍልና ውሳኔው መቼ እንደገና መታየት እንዳለበት ይያዝ። ከውጤቱ የሚበዛው ድርሻም ለሥዕሉ ሳይሆን ለምክንያቱ ይሰጥ። ሶፍትዌር ከታሰበለት ሁኔታ ወደ ሌላ መወሰዱ አይቀርም፤ ያን ጊዜ ተረካቢው ባለሙያ የትኛው ውሳኔ እንደሚጸናና የትኛው እንደሚፈርስ ሊያውቅ የሚችለው ምክንያቱ ተጽፎ ሲያገኘው ነው።