የፍሬን መዛል

ፍሬን መኪና ማቆም ባቃተው ቁጥር አፋችን ላይ የሚመጣው አንድ አባባል ነው፦ «ፍሬን በጠሰ»። ቱቦ ተቀድዶ ዘይቱ ቢፈስ በጠሰ ነው፤ ማስተሩ ውስጥ ያለው ላስቲክ ቢያልቅም በጠሰ ነው፤ ሸራው ግሎ መያዝ ቢያቅተውም ያው በጠሰ ነው። ለአደጋ ዜና ይበቃ ይሆናል። አሮጌ መኪና ገዝቶ ሞተሯንና ካምቢዮዋን እየለወጠ መልሶ መንገድ ላይ ሊያወጣት ለሚለፋ ሰው ግን አይበቃውም። ከሦስቱ የመጨረሻው ምንም የተሰበረ፣ ምንም የፈሰሰ ነገር ሳይኖር የሚመጣ ችግር ነው። መኪናዋ ጋራዥ ደርሳ ስትፈተሽ ፍሬኗ ቀዝቅዞ ጥሩ አድርጎ ይይዛል፤ «ምንም የለባትም» ተብላ ትመለሳለች፤ በሚቀጥለው ቁልቁለት ላይ ነገሩ ይደገማል።

በእንግሊዝኛ ይህ ችግር «ብሬክ ፌድ» ይባላል። በአማርኛ «የፍሬን መዛል» ብንለው ይስማማዋል ባይ ነኝ። «ፌድ» ለቀለም መደብዘዝና እየራቀ ለሚጠፋ ድምፅ የሚነገር ስለሆነ «መደብዘዝ» ማለት ይቻል ነበር፤ ግን «ፍሬኑ ደበዘዘ» ቢባል ሰሚው የፍሬን መብራቱን ያስባል። «መድከም» ደግሞ ጋራዥ ውስጥ ሌላ ሥራ ይዟል፤ «ሞተሩ ደክሟል» ማለት አልቋል፣ ተፈትቶ መታደስ አለበት ማለት ነው። መዛል ግን ከዚህ ይለያል። ሸክም ያዛለው ክንድ ጤነኛ ክንድ ነው፤ አረፍ ሲል ጉልበቱ ይመለሳል። የዛለ ፍሬንም ሲቀዘቅዝ ይመለሳል፤ ከሌሎቹ ብልሽቶች የሚለየውም በዚህ ነው።

ፍሬን የመኪናዋን ጉልበት ወደ ሙቀት ይለውጣል፣ ሙቀቱንም ለአየር ያስረክባል። የሚመጣው ሙቀት ከሚወጣው ከበለጠ ይጠራቀማል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወስደው መንገድ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። ከነተሳፋሪዋ 1,250 ኪሎ የምትመዝን መኪና 1,000 ሜትር ስትወርድ የምትለቀው ጉልበት 12 ሜጋጁል ገደማ ነው፤ 36 ሊትር ውሃ ከ20 ዲግሪ ወደ 100 ዲግሪ የሚያደርስ ሙቀት ማለት ነው። ከዚህ ውስጥ ሞተሩና አየሩ ያልተሸከሙት በሙሉ ጎማዎቹ ውስጥ ባሉት ጥቂት ኪሎ ብረቶች ላይ ያርፋል። ሜዳ ላይም ቢሆን ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል፤ ከ120 ላይ ማቆም ከ60 ላይ ከማቆም አራት ጊዜ ይከብዳል።

ፍሬን በሦስት መንገድ ይዝላል፤ የትኛው እንደሆነ የሚያውቀው እግር ነው። ፔዳሉ ጠንካራ ሆኖ፣ አጥብቀው እየረገጡት መኪናዋ ካልቆመች የዛለው ሸራው ነው። ሸራውን ያያያዘው ሙጫ ከመጠን በላይ ሲግል ጋዝ ያወጣል፣ የመያዝ ኃይሉም ይወርዳል። አዲስ ሸራ ላይ ይህ ቶሎ ይመጣል፤ ስለዚህ ሸራ ከተለወጠ በኋላ ደጋግሞ በመጠኑ እየያዙ፣ በየመሃሉ እያቀዘቀዙ ማሟሸት ያስፈልጋል። ፔዳሉ ከወትሮው ይልቅ ወደ ታች እየጠለቀ የሚይዝ ከሆነ ደግሞ ታምቡሩ ሰፍቷል፤ ታምቡር ሲግል ይለጠጥና ከሸራው ይርቃል። ዲስክ ሲግል ወደ ሸራው ስለሚወፍር ይህ አያገኘውም። ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ለስልሶ ወለል ከነካ ዘይቱ ፈልቷል፤ የፈላ ዘይት ውስጥ ያለው እንፋሎት ይጨመቃል እንጂ አይገፋም።

ስለ ዘይቱ ትንሽ ልጨምር፤ ብዙ ሰው የማይለውጠው እሱን ነውና። የተለመደው የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል። ዶት 3 የተባለው ዓይነት አዲስ ሳለ የመፍያ ነጥቡ ከ205 ዲግሪ እንዳያንስ ደረጃው ያስገድዳል፤ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን የሚጠየቀው 140 ዲግሪ ብቻ ነው። ለዶት 4 ቁጥሮቹ 230 እና 155 ናቸው። ከፍታም የራሱ ድርሻ አለው። አዲስ አበባ ላይ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ እንደሚፈላ ሁሉ፣ የፍሬን ዘይትም ደጋ ላይ ከባሕር ዳርቻው ቀድሞ ይፈላል።

ጠዋት፣ መኪናዋ ገና ሳትነቃነቅ ፔዳሉ የለሰለሰ ከሆነ ይህ መዛል አይደለም፤ ኤር ገብቶበታል። ቆማ ሳለች ረግጠው ሲይዙት ቀስ እያለ የሚሰምጥ ከሆነም ወይ የሚያፈስ ቦታ አለ፣ ወይ የማስተሩ ላስቲክ አልቋል።

የሞተር ለውጥ ከዚህ ጋር ምን እንደሚያገናኘው ለማየት ላዳን እንውሰድ፤ ጋራዦቻችን ጠንቅቀው የሚያውቋት መኪና ናት። የመጀመሪያዋ ላዳ፣ ቫዝ 2101፣ እ.ኤ.አ. በ1970 ከፊያት 124 ተወስዳ የተሠራች ናት። ፊያት 124 በአራቱም ጎማ ዲስክ ነበረው። የሶቪየት መሐንዲሶች ግን በጭቃና በጠጠር መንገድ ሲሞክሩት የኋላው ሸራ ቶሎ ስላለቀባቸው የኋላውን ወደ ታምቡር መለሱት። ለዚያ መንገድና ለ64 ፈረስ ጉልበት ትክክለኛ ውሳኔ ነበር። ዛሬ አውሮፓ ውስጥ እነዚህን መኪኖች የሚያድሱ ሰዎች ከሚወዷቸው ለውጦች አንዱ አውሬሊዮ ላምፕሬዲ የነደፈውን ባለ ሁለት ካምሻፍት የፊያት ሞተር መግጠም ነው። 1,608 ሲሲው 90 ፈረስ ጉልበት አለው። ፊያት ራሱ ይህን ሞተር 125 በተባለው መኪናው ላይ ሲያስቀምጥ አራቱንም ጎማ ዲስክ አድርጎ፣ እግርን የሚያግዝ ሰርቮም ጨምሮ ነበር። ሞተሩን ወስዶ ያንን ፍሬን የሚተው ሰው ከፋብሪካው ስሌት ግማሹን ብቻ ነው የወሰደው። እኔ ብሆን ፍሬኑን ከሞተሩ አስቀድማለሁ፤ ሞተሩ እስኪገኝ ድረስም ቢሆን ጥሩ ፍሬን ያላት ደካማ መኪና ማንንም አትጎዳም።

ካምቢዮ ሲለወጥ ደግሞ ጉዳቱ ወዲያው አይታይም። ባለ አራት ማርሹ የላዳ ካምቢዮ በመጨረሻው ማርሽ አንድ ለአንድ ነው የሚዞረው፤ የኋለኞቹ ባለ አምስት ማርሽ ካምቢዮዎች አምስተኛቸው 0.82 ነው። በዚያ ላይ የ2101ዱ 4.3 ዲፈረንሻል ወጥቶ የሌላዋ ላዳ፣ የ2106ቱ 3.9 ከገባ፣ ሞተሩ በአንድ ዓይነት ፍጥነት ሩብ ያህል ቀስ ብሎ ይዞራል። ነዳጅ ይቆጥባል፣ ጩኸቱም ይቀንሳል። ቁልቁለት ላይ ግን መኪናዋን ወደ ኋላ የሚይዘው የሞተሩ ጉልበት በዚያው ልክ ይሳሳል፣ የጎደለውን የሚሞላው ፍሬኑ ነው። ሹፌሩ የለመደውን ማርሽ ይዞ ይወርድና ድሮ ዝሎበት የማያውቅ ፍሬን ይዝልበታል።

የመዛል መልክ ይዞ የሚመጣ ሌላ ችግርም አለ። ሰርቮ የሚሠራው ሞተሩ በሚስበው ቫኪዩም ነው። በቤንዚን ሞተር ፋንታ ናፍጣ ከገባ ያ ቫኪዩም የለም፤ የቫኪዩም ፓምፕ ካልተገጠመለት ፔዳሉ ድንጋይ ይሆናል። ይህ ግን ጠዋትም ማታም አንድ ነው፤ ማቀዝቀዝ አያሽለውም።

ከሁሉም የምፈራው ፍሬን ራሱን በራሱ ሲያዝል ነው፤ የሚፈጠረውም ብዙውን ጊዜ በመግጠም ስሕተት ነው። ማስተሩ ውስጥ፣ ፒስተኑ ፊት ለፊት፣ ወደ ዘይት ማጠራቀሚያው የሚወስድ ቀጭን ቀዳዳ አለ። እግር ከፔዳሉ ሲነሣ ፒስተኑ ተመልሶ ቀዳዳውን ይከፍተዋል፣ ግሎ ያበጠው ዘይትም በዚያ ይመለሳል። ከሌላ መኪና የመጣ ሰርቮ ወይም ማስተር ሲገጠም ፒስተኑን የሚገፋው ዘንግ አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ከረዘመ ቀዳዳው እንደተደፈነ ይቀራል። ዘይቱ ይግላል፣ ያብጣል፣ መውጫ ሲያጣ ሸራውን ዲስክ ላይ ይጫናል፤ ሸራው ይፋተግና ይበልጥ ያግለዋል። ሹፌሩ ፍሬን ሳይነካ ጎማው ይጨሳል።

ምርመራው ቀላል ነው። ጎማው በያዘበት ሰዓት፣ መኪናዋ ሜዳ ላይ ቆማ፣ ጎማዎቿ በድንጋይ ተይዘው፣ ማስተሩን ከሰርቮው ጋር ያሰሩትን ሁለት ዳዶዎች ትንሽ ላላ ማድረግ ነው። ጎማው ከለቀቀ ጥፋቱ የዘንጉ ነው፤ ያሳጥሩታል። ካልለቀቀ ካሊፐሩ ላይ ያለውን የኤር ማውጫ ብሎን በጥቂቱ ይከፍታሉ፤ ዘይት ፈንጥቆ ጎማው ከለቀቀ ውስጡ ያበጠው የፍሬኑ ላስቲክ ቱቦ ነው። በዚህም ካልለቀቀ የካሊፐሩ ፒስተን ዝጎ ተጣብቋል። የሚፈነጥቀው ዘይት ትኩስ ነው፤ ዓይንን መሸፈን ይገባል፣ ቀለም ላይ ካረፈም ቶሎ በውሃ ማጠብ ነው፤ ቀለሙን ይልጠዋል።

የጭስ ማውጫውንም መንገድ ማየት አይረሳ። አዲሱ ሞተር ጭሱን የሚያወጣው በሌላ ጎን ከሆነ ትኩሱ ቧንቧ የፍሬኑን ቱቦ ተጠግቶ ሊያልፍ ይችላል፤ ያኔ ሸራው ሳይግል ዘይቱ ይፈላል። መሃላቸው የሙቀት መከለያ ቆርቆሮ ይግባ፣ ቦታ ካለም ቱቦው ይራቅ።

ዘይቱን በየሁለት ዓመቱ መለወጥ ጥሩ ነው፤ ዶት 3 ይዛ የመጣች መኪና ዶት 4 ትቀበላለች። ከሲሊኮን የሚሠራው ዶት 5 ግን ከሁለቱም ጋር አይቀላቀልም። ለቁልቁለት ያንኑ ዳገት ለመውጣት የሚያስፈልገውን ማርሽ ከመውረዱ በፊት ማስገባት ነው። ፍሬኑ ከዛለ በኋላ መካኒኩ ጋ ሲደርሱም «በጠሰብኝ» ከማለት፣ «ዛለብኝ፤ ፔዳሉ ጠንካራ ነበር» ወይም «ዛለብኝ፤ ፔዳሉ ወለል ነካ» ቢሉት የመጀመሪያው ሸራውን፣ ሁለተኛው ዘይቱን እንዲፈትሽ ይመራዋል።