ስለ ቀድሞ እንግዳ አሳዳሪዎችና በብራና ኅዳግ ስለሚገኘው ስማቸው

ሐዋሳ ከተማ ገና ወጣት ናት። ልዑል ራስ መንገሻ ሥዩም ሲዳሞን በሚያስተዳድሩበት ዘመን በ1950ዎቹ ዓመተ ምሕረት መጀመሪያ ተቈረቈረች፤ የጠቅላይ ግዛቱም መቀመጫ ከይርጋ ዓለም ወደ እርስዋ ተዛወረ። ዛሬ በሐይቁ ዳር የቆሙትን ሆቴሎች የሚያይ ሰው፣ እንግዳን በዋጋ ማሳደር ከከተማይቱ ጋራ የተወለደ ሥራ ይመስለዋል። ነገር ግን ባለሆቴሉን ስለ አያቶቹ ሥራ ቢጠይቁት፣ አንዱ ወታደር ሌላውም መሪጌታ እንደ ነበሩ ይነግርዎታል እንጂ፣ ጠጅ ጥላ መንገደኛ ታሳድር የነበረችውን ሴት አያቱን አያነሣም። መሸታ ቤት የሚለው ቃል እንደ ነውር ስለ ተቈጠረ ከብዙ ቤት የትውልድ ቈጠራ የሴቶች ስም ተፍቋል። ስለዚህ ሰው የካደውን ብራናው ይመሰክር እንደ ሆነ መመርመር ይገባል።

በሲኖዶስ ከሚገኙት የሐዋርያት ቀኖናዎች አንዱ፣ ካህን በመጠጥ ቤት ሲበላ ቢገኝ ይለይ ይላል፤ በመንገድ ሳለ ችግር አስገድዶት በማደሪያ ቤት ያደረውን ግን ነፃ ያደርገዋል። እንግዲህ ቀኖናው መጠጥ ቤትንና ማደሪያ ቤትን ለይቶ ያያል። በአገራችን ግን ሁለቱ ብዙ ጊዜ በአንድ ጣራ ሥር፣ በአንዲት ሴት እጅ ስለ ነበሩ የአንደኛው ነውር የሁለተኛውን ክብር ሸፈነው። የቀረው መንገደኛማ የእግዚአብሔር እንግዳ ተብሎ በየሰው ቤት በነፃ ያድር ነበር፤ የንጉሥ እንግዳም ድርጎ ይታዘዝለት ነበር።

በጎንደር ዘመን ርስት ወይም የቤት ቦታ ሲሸጥ ውሉ በደብሩ ወንጌል ወይም በሌላ መጽሐፍ ኅዳግና ባዶ ቅጠል ላይ ይጻፍ ነበር። ይህም ልማድ በ18ኛው መቶ ዓመት እጅግ ሰፋ። የሻጭና የገዥ ስም፣ በወቄት ወርቅ ወይም በአሞሌ የተቈረጠው ዋጋ፣ ዳኛውና እማኞቹ ይገኙበታል፤ ዘመኑም በንጉሡና በወንጌላዊው ስም ይታወቃል። ዶናልድ ክራሚ የተባለው የታሪክ ሊቅ እነዚህን ውሎች መርምሮ፣ በ2000 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ባሳተመው መጽሐፍ ሰፊ ነገር አትቶባቸዋል። በገዥነትም በሻጭነትም ሴቶች ይታያሉ፤ ይህን ያላየ ሰው ስለ አያቶቻችን ኑሮ የሚናገረው ጎደሎ ነው። ከነዚህ መጻሕፍት ከፊሎቹ እንግሊዞች በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ ከወሰዷቸው ብራናዎች መካከል ስለ ሆኑ፣ የጎንደር ሰው የአያቱን ውል ለማንበብ ሎንዶን መሄድ የሚያስፈልገው ጊዜ አለ።

ሆኖም ውሉ ሴትዮዋ ቦታ መግዛትዋን ይናገራል እንጂ በቦታው ላይ ጠጅ መጣልዋን አይናገርም። ሥራውን የሚያውቀው የቤተ ዘመድ ወሬ ነው፤ ወሬው ግን ዋጋና እማኝ የለውም። ሁለቱን ማጋጠም ያስፈልጋል፤ በዚህም ላይ አንድ ትልቅ ችግር አለ። በብራናው ላይ ወለተ እገሌ ተብላ የተጻፈችውን ሴት፣ ልጆችዋ የሚያውቋት በዓለም ስምዋ ነው።

እቴጌ ጣይቱ በ1900 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ ሆቴል ባቆሙ ጊዜ፣ በዋጋ መብላት ለሰው አዲስ ነገር ስለ ሆነበት ዐፄ ምኒልክ መኳንንቱን አስከትለው ገብተው እንደ በሉ ይነገራል። ንግሥት ያቆመችው ሆቴል ክብር ሆነ፤ ተራዋ ሴት ከዚያ በፊት የሠራችው ግን መሸታ እንደ ተባለ ቀረ! በዚያው ጊዜ ግሪኮች፣ አርመኖችና ፈረንሳዮችም በባቡሩ መንገድና በከተሞች ሆቴልና መጠጥ ቤት ይከፍቱ ነበር። በጥር 1900 ዓ.ም. ከፈረንሳይ ጋራ በተደረገው የክሎቡኮቭስኪ ውል የውጭ አገር ሰዎች እርስ በርስ የሚካሰሱት በቆንስላቸው ዘንድ ስለ ሆነ፣ የነዚህ ባለሆቴሎች የልጅ ልጆች አባቶቻቸውን በቆንስላ መዝገብ ሊፈልጉ ይችላሉ።

የሲዳማ ገበሬ ነገር ግን ከዚህ ሁሉ የተለየ ነው። ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ ወታደር በገባር ሲተዳደር፣ ገበሬው እህል ይሰፍራል፣ እንጨት ይለቅማል፣ ቤት ይሠራል፣ መንገደኛውንም ሹም ይቀልባል። ይህም ያለ ውድ ያለ ዋጋ የተደረገ እንግዳ መቀበል ነበር፤ ሽያጭ ስላልሆነም በወንጌል ኅዳግ የጻፈለት የለም። በሐዋሳ የአሳዳሪዎችን ታሪክ የሚጽፍ ሰው፣ ከጎንደር ብራና ይልቅ የሲዳማን ሽማግሌዎች ቃል አስቀድሞ ቢይዝ ይሻላል።

አንባቢ ሆይ፣ የክርስትና ስምና የዓለም ስም እንዴት ይጋጠማሉ ያልን እንደ ሆነ፣ ሁለቱን አብሮ የሚያውቅ የነፍስ አባት ነው። ለፍትሐትና ለተዝካር የሚጠራው የክርስትና ስም ነውና፣ ካህኑ ከዓለም ስሙ ጋራ በአንድ ደብተር ቢጽፈው ኋላ ውል ለሚመረምር ሰው ቍልፍ ይሆነዋል። በሐዋሳ የመጀመሪያዎቹን ዓመታት የሚያስታውሱ እናቶች ዛሬ አርጅተዋልና ይህን ለማድረግ የቀረው ጊዜ ጥቂት ነው።