ዕድሉን ያማረረው የጠመንጃ ነጋዴ

እ.ኤ.አ. በኦገስት 1887 ፈረንሳዊው ነጋዴና የቀድሞ ገጣሚ አርተር ራምቦ ከካይሮ ለቤተሰቡ ደብዳቤ ጻፈ። ከ16,000 ፍራንክ በላይ በወርቅ ይዟል፤ ቀንም ሌሊትም ከወገቡ አይፈታውም፤ ስምንት ኪሎ ያህል የሚመዝን በመሆኑ ሆዱን እንዳሳመመው ሳይቀር ይነግራቸዋል። ከዚያ ምሬቱ ይቀጥላል። ሸሪኩ ባይሞትበት ኖሮ 30,000 ፍራንክ ገደማ ያተርፍ ነበር፤ አሁን ግን ሁለት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ተንከራቶ በእጁ ያለው ያው የቀድሞው 15,000 ነው። ዕድለ ቢስ ነኝ ይላል።

በዚያው ዓመት ለኤደኑ የፈረንሳይ ምክትል ቆንስል ያቀረበው ሒሳብ ሌላ ነው። እዚያ ላይ ከዋና ገንዘቡ 60 በመቶ ከስሯል። ቆንስሉ የሟቹን ሸሪክ ዕዳ ያጣራ የነበረ ሹም መሆኑን ልብ ይሏል። ለእናቱ ዋናው ተመለሰ፣ ለሹሙ ከሰርኩ የሚል ነጋዴ አዲስ ነገር አይደለም። እኔ የማዳላው ወደ ወርቁ ነው፤ በ1884 በጻፈው ሌላ ደብዳቤ የነበረው ጥሪት ከ12 እስከ 13 ሺህ ፍራንክ ነበርና።

ነገሩ የተጀመረው በኦክቶበር 1885 ነው። ራምቦ ከ1880 አንስቶ ለባርዴ ኩባንያ በኤደንና በሐረር ቡና ሲገዛ ኖሮ ሥራውን ለቀቀና ከፒየር ላባቱ ጋር ተዋዋለ። ሐሳቡ ለሸዋው ንጉሥ ለምኒልክ ጠመንጃ ማቅረብ ነበር። ጠመንጃዎቹ በአውሮፓ ከአገልግሎት ከወጡ አርባ ዓመት የሆናቸው፣ በሊዬዥ የአሮጌ መሣሪያ ነጋዴዎች ዘንድ ከ7 እስከ 8 ፍራንክ የሚሸጡ ናቸው፤ ሸዋ ሲደርሱ ግን 40 ፍራንክ ያወጣሉ ብሎ ለቤተሰቡ ጽፎ ነበር።

ራምቦ ወደ ሸዋ ለመነሣት በባሕር ዳርቻዋ ታጁራ ላይ አንድ ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ተቀመጠ። መጀመሪያ የፈረንሳይ መንግሥት መሣሪያ ማስገባትን ከለከለ፤ ሁለቱ ሸሪኮች በኤፕሪል 1886 ለሚኒስትሩ አቤቱታ ጻፉ። ፈቃዱ ሲገኝ ላባቱ በካንሰር ታሞ ፈረንሳይ ገባና ሞተ። ከራምቦ ጋር ሊጓዝ የነበረው ፖል ሶለዬም በሴፕቴምበር ኤደን ላይ ሞተ። ራምቦ በኦክቶበር ግመሎቹን ይዞ ብቻውን የአፋርን በረሃ አቋረጠና በፌብሩዋሪ 1887 አንኮበር ደረሰ።

እስከዚህ ያለውን ዕድል ቢለው አይፈረድበትም። አንኮበር ከደረሰ በኋላ ያለው ግን ቀስ ብሎ መታየት አለበት። ላባቱ በሸዋ ብዙ ዓመት የኖረ፣ ሚስት ያገባ፣ ዕዳም ያለበት ሰው ነበር። ባለዕዳ የሞተ እንደሆነ ገንዘብ ጠያቂው ወደ ሸሪኩ መምጣቱ ያለ ነው፤ መበለቲቱም መጣች፣ አበዳሪዎቹም ተከተሉ። ራምቦ የሟቹን 34 ጥራዝ ማስታወሻ አገኘና ሴትየዋ እየረገመችው እሳት ውስጥ ጨመረው። የርስት ወረቀቶች በገጾቹ መካከል ገብተው እንደነበር የተነገረው ከነደደ በኋላ ነው። ይህን የጻፈው ራሱ ለቆንስሉ ነው፤ የሚያፍርበት ግን አይመስልም።

ምኒልክ በጃንዋሪ ጨለንቆ ላይ አሚር አብዱላሂን ድል አድርገው ሐረርን ይዘዋል። እንጦጦ ሲገቡ በሐረር የተገኙ የግብፅ መለከቶች እየተነፉ፣ ሁለት የክሩፕ መድፎች እያንዳንዳቸው በሰማንያ ሰው እየተጎተቱ እንደነበር ራምቦ ተመልክቶ ጽፏል። ካፕሱል የሚጎርስ አሮጌ ጠመንጃ ለእንዲህ ያለ ገዢ ምን ያህል ያስፈልገዋል? ንጉሡ በችርቻሮ እንዳይሸጥ ከለከሉት፤ ካልተስማማ በራሱ ወጪ ወደ ባሕር እንደሚመልሱት ነገሩት። በረሃ አቋርጦ የመጣ ዕቃ ተመልሶ እንደማይጫን ያውቃሉ። በጅምላ 14,000 ብር ቆረጡለት፤ ከዚያ ላይ 2,500 ለግመል ኪራይና ለጉዞ ወጪ፣ 3,000 ለላባቱ ዕዳ ተቀነሰ። የሚቀረውንም የተቀበለው ሐረር ከደጃዝማች መኮንን ዘንድ በሚከፈል ወረቀት ነበር። ራምቦ ዕድል ማጣት ያለው ከእንጦጦ በኩል ሲታይ የገበያ ብልሃት ነው።

የዚህ ንግድ ዋና ሀብት ጠመንጃው አልነበረም፤ የላባቱ ትውውቅ ነበር። ራምቦ ከዚያ በፊት ሸዋን ረግጦ አያውቅም ነበር፤ ከንጉሡ ጋር የሚያገናኘው ሁሉ በአንድ በሽተኛ ሰው ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። የሸሪኩ ሞት መከራ ነው፤ መላውን ጥሪት በእርሱ ላይ መጣል ግን የራምቦ ውሳኔ ነበር።

ከ1888 ጀምሮ ሐረር ላይ የራሱን ንግድ ከፍቶ ከኤደኑ ነጋዴ ከሴዛር ቲያን ጋር ሠራ። እዚያም አልተሳሳተም ማለት አይደለም፤ የምኒልክ ባለሟል የነበረው ስዊሱ አልፍሬድ ኢልግ፣ መጻፍ ለማያውቅ ሕዝብ የመጻፊያ ወረቀት ላክህልኝ ብሎ በደብዳቤ አላግጦበታል። ቡናውን ግን ከ1880 ጀምሮ ያውቀዋል። በ1891 ጉልበቱ አብጦ፣ በቃሬዛ ዘይላ ወርዶ፣ ኤደን ላይ ከቲያን ጋር ሒሳቡን ሲዘጋ የደረሰው ከ36,000 ፍራንክ በላይ ነበር፤ ካይሮ ላይ በወገቡ ከታጠቀው ወርቅ ከእጥፍ በላይ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር 10 ቀን ማርሴይ ውስጥ በ37 ዓመቱ ሞተ።